በርጩማ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት፦ የድሮውንም የዘመኑንም ለቤት መምረጫ መመሪያ

«በርጩማ ልገዛ ነው፤ ምኑን ልይ?» ይሄ ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ አዲስ ኮንዶሚኒየም ገብቶ የኩሽናው ባንኮኒ መቀመጫ የለውም። አንዷ የጅማ በርጩማ አይታ ወዳለች፤ «የድሮ ነው» መባሉን ግን አላመነችም። ሌላዋ ለእናቷ ቡና ማፍያ የሚሆን ዱካ ትፈልጋለች። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

- ሜትር። የልብስ ሰፊም ቢሆን ይሠራል።
- የቤታችሁን ልክ የጻፋችሁበት ወረቀት። ምን እንደሚለካ ደረጃ 2 ላይ አለ።
- መብራት ያለው ስልክ።
- ነጭ ሶፍት ወይም ነጭ ጨርቅ፣ በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት የምግብ ዘይት።
- ጥቁር ወረቀት ወይም ጥቁር ፌስታል።
- ከተቻለ በርጩማው ላይ የሚቀመጠው ሰው ራሱ። ለእናታችሁ የሚገዛውን በእናታችሁ ጉልበት እንጂ በእናንተ አትለኩት።

ደረጃ 1፦ ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥበት ወስኑ

በርጩማ ለአጭር መቀመጫ ነው። ቡና ለማፍላት፣ ጫማ ለማሰር፣ ቁርስ ቀመስ አድርጎ ለመውጣት ይመቻል። ልጅ ሁለት ሰዓት የቤት ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ግን መደገፊያ ያለው ነገር ግዙ። መደገፊያ ከሌለ ጀርባ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሲደክመው ይጎብጣል። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ካያችሁት ሰነፍ አይደለም፤ መቀመጫው ነው።

ወለሉንም አስቡ። ቤታችሁ ውኃ እየፈሰሰ የሚታጠብ ከሆነ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ከስር እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ወደ ልኩ አይመለስም። በረንዳ ላይ የሚውል ከሆነ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። የደረቀ ፕላስቲክ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበር።

ደረጃ 2፦ ቁመቱን ለኩ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ከሚደርሱኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ የቁመት ናቸው። እኔም ወድቄበታለሁ። ለባንኮኒዬ ሁለት ረጃጅም በርጩማ በፎቶ አይቼ አዘዝኩ። መጡ፤ አማሩ። ልቀመጥ ስል ጉልበቴ ከባንኮኒው ስር አልገባ አለ። በርጩማዎቹ 75 ሴንቲሜትር ነበሩ፣ ባንኮኒዬ 90። በመሃል የተረፈው 15 ሴንቲሜትር ነው፤ የድንጋዩ ውፍረት ሲቀነስለት ለጭን ምንም አይተርፍም። አንደኛው ዛሬ የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ሆኗል።

ደንቡ ቀላል ነው። የጠረጴዛውን ወይም የባንኮኒውን ቁመት ከወለል እስከ ላይኛው ፊት ለኩ። ከዚያ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቀንሱ። የቀረው የመቀመጫው ቁመት ነው።

- 75 ሴንቲሜትር ገደማ ለሆነ የምግብ ጠረጴዛ፦ 45 ሴንቲሜትር መቀመጫ።
- 90 ለሆነ የኩሽና ባንኮኒ፦ ከ60 እስከ 65።
- ከ105 እስከ 110 ለሆነ ረጅም ባንኮኒ፦ ከ75 እስከ 80።

ስፖንጅ ያለው ከሆነ ሰው ተቀምጦበት ለኩ። ለስላሳ ስፖንጅ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ታች ይሰምጣል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ቁመት ግን የባዶው ነው።

ረከቦት ሌላ ነገር ነው። የረከቦት ዱካ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። የሚቀዳው ሰው ተቀምጦ፣ ወገቡን ሳያጥፍ፣ ከጀበናው እስከ መጨረሻው ስኒ እጁ መድረስ አለበት። ዱካው ከፍ ካለ ሦስተኛው እስኪቀዳ ወገብ ይታመማል። መሶብ ደግሞ እግር የሚገባበት ስር የለውም፤ ስለዚህ የ25 ሴንቲሜትሩ ደንብ አይሠራበትም። ቤት ውስጥ ባለ ሣጥን ላይ ተቀመጡና ሞክሩት። ሳትንጠራሩ የመሶቡ መሃል ከደረሳችሁ የሣጥኑን ቁመት ጻፉ። ልካችሁ እሱ ነው።

ለአዛውንት የሚገዛ ከሆነ ከወለል እስከ ጉልበታቸው ጀርባ ለኩ። መቀመጫው ከዚያ በታች ሲወርድ በመነሳት ጊዜ ክብደታቸው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። «እማዬ ዱካ ትወዳለች» ይሉኛል። ትወድ ይሆናል፤ ግን ስትነሳ ግድግዳ ትደገፍ እንደሆነ አንድ ጊዜ አስተውሉ።

ብዛቱንም በዚሁ ጨርሱ። ባንኮኒ ላይ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያዙ፤ የሚሽከረከር ወይም ክንድ ያለው ከሆነ 70። ባንኮኒው 1 ሜትር ከ20 ከሆነ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛውን ከጨመራችሁ ክርን ለክርን ትጋጫላችሁ።

ደረጃ 3፦ ገልብጡት

ሻጭ የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው። ጉዱ ያለው ከሆዱ ነው። «ላገላብጠው?» ብላችሁ አስፈቅዱና መብራት አብሩበት። አይሆንም የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከስር የምታዩት ይሄን ነው፦

ሀ. የተደፈነ ስንጥቅ። ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ተለውሶ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ላዩ በቀለም ይሸፈናል። በጥፍራችሁ ዳበስ አድርጉት። የእንጨቱ መስመር ድንገት ተቋርጦ ድፍን ያለ ቦታ ካገኛችሁ ያ ድፍን ነው። ትንሽ ድፍን አይጎዳም። ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ግን ተዉት፤ ክብደት ሲያርፍበት እንደገና የሚከፈተው እዚያው ነው።

ለ. የግንዱ እምብርት። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ከሆነ ክብ ክብ መስመሮች የሚነሱበት ነጥብ መቀመጫው መሃል ላይ አለ ወይ? ካለ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ከዚያ ነጥብ ወደ ዳር መሰንጠቁ አይቀርም። እንጨት ሲደርቅ በክቡ ዙሪያ የሚሸበሸበው ወደ መሃል ከሚሸበሸበው ስለሚበልጥ ነው።

ሐ. የእግሩ መስመር። የእንጨቱ መስመር በእግሩ ርዝመት ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበት። እግሩን አግድም የሚያቋርጥ ከሆነ አንድ ቀን ሲወድቅ ወይም ሲጎተት ቀጭ ይላል። ማገዶ ስትፈልጡ በመስመሩ አይደል ቶሎ የሚፈለጠው? ነገሩ ያው ነው።

መ. ምስማር። እግር በምስማር ብቻ የተመታ ከሆነ በየመቀመጡ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። እንጨት በእንጨት የተሰካ ወይም በብሎን የታሰረ ይሻላል። ብሎን ሲላላ ይጠበቃል፤ ምስማር ግን ሌላ ምስማር ነው የሚያስጨምረው።

ደረጃ 4፦ እርጥብ እንዳይሆን ፈትሹ

ጠራቢዎች እርጥብ እንጨት ይወዳሉ፤ ለመሮ ስለሚለሰልስ። ችግሩ የሚመጣው ቤታችሁ ከገባ በኋላ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት በርጩማዎች በሁለት እጅ አንሱ። አንዱ ያለምክንያት ከከበደ ውኃ አለበት። ጉንጫችሁ ላይም አስጠጉት፤ እርጥብ እንጨት ከደረቁ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

የእንጨቱንም ዓይነት ጠይቁ። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ መጠነኛ ክብደት አለው፣ አገራችን ውስጥ ለቤት ዕቃ በጣም የተለመደ ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ በየቀኑ ከክፍል ክፍል ለሚዘዋወር በርጩማ ግን ክብደቱ ያስመርራል። ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሻጩ «ዋንዛ ነው» ካለ ቀለም ያልተቀባ ቦታ ያሳያችሁ። ከስር ብዙ ጊዜ አይቀባም።

ደረጃ 5፦ «የድሮ ነው» ከተባለ መርምሩ

የጅማ በርጩማ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ባለሦስት እግር ነው። አዲሱም አሮጌውም ቅርጹ ተቀራራቢ ስለሆነ በቅርጽ ብቻ ዕድሜ አትገምቱ። ዕድሜ የሚነበበው ካለቀው ቦታ ነው።

በእውነት የተቀመጡበት በርጩማ እኩል አያልቅም። መቀመጫው መሃል ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል። ሰው በእጁ ይዞ የሚያነሳበት ጠርዝ ይዶለዱማል። የእግሮቹ ጫፍ በመጎተት ብዛት በአንድ ወገን ይበላል። ማንም የማይነካው ሆዱ ደግሞ ሻካራ ሆኖ የመጥረቢያው ምት ይታይበታል። ሁሉም ቦታ እኩል የጠቆረ፣ ሆዱም እንደ ፊቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጠራጠሩ። ቀለሙን ያመጣው ዕድሜ ሳይሆን ብሩሽ ነው።

አሁን ሶፍቱን አውጡ። አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ከስር በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ እሹት። እንጨቱን ያጠቆረው የጫማ ቀለም ከሆነ ሶፍቱ ወዲያው ጥቁር ወይም ቡናማ ይሆናል። የቆየ ጭስና ቅቤ ግን እንጨቱ ውስጥ ስለገባ ቢለቅም በጥቂቱ ነው። ከዚያ አሽትቱት። የጫማ ቀለም ሽታ በቀላሉ አይጠፋም፤ ስንጥቅ ውስጥ አፍንጫችሁን ብታስጠጉ ታገኙታላችሁ። ሰው ምን ይለኛል አትበሉ። እኔ መርካቶ ውስጥ ስንቱን በርጩማ አሽትቻለሁ።

ማስመሰያ ሆኖ ካገኛችሁት መጥፎ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። በአዲስ ዋጋ ተከራከሩና ውሰዱት።

በጠፍር የተሠራ ከሆነ ጠፍሩን በአውራ ጣት ተጫኑት። መሃሉ ረግቦ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ወይም ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ጠፍር መቀየር አለበት። የመቀየሪያውን ዋጋ ከሂሳቡ ላይ አስቀንሱ።

ደረጃ 6፦ ነቀዝ እንደሌለበት እርግጠኛ ሁኑ

አንድ ጠዋት ሳሎን ስገባ አዲስ ያመጣሁት አሮጌ በርጩማ ስር ምንጣፉ ላይ በጣም የላመ፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ተከምሮ አገኘሁ። ጠረግሁት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ነቀዝ ነበር። ጎኑ ያለው የመጻሕፍት መደርደሪያም እንጨት ነው!

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ጥቁሩን ወረቀት አንጥፉና በርጩማውን በእጅ መዳፍ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ነጣ ያለ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ውስጡ ገና ሥራ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹንም በመብራት እዩ። ጠርዙ ስለት ሆኖ ውስጡ ነጣ ያለ ቀዳዳ የቅርብ ነው። ውስጡ የጠቆረና አቧራ የሞላው ምናልባት ነቀዙ ከሄደ ቆይቷል። በተለይ ነጣ ያለውን የዳር እንጨት መርምሩ፤ ለነቀዝ ምግብ የሚሆነው እሱ ነው፤ የጠቆረውን የግንዱን ልብ ብዙም አይደፍረውም።

ቀዳዳ ኖሮት ግን ልባችሁ ከወደደው፣ ቤት ስታስገቡ ከሌላ እንጨት አርቃችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ዱቄት ካልወረደ ጥሩ ምልክት ነው። ከወረደ፣ የሚበቃ ፍሪዘር ካላችሁ በፌስታል አየር እንዳይገባው አድርጋችሁ ጠቅልሉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ስታወጡት ፌስታሉን ወዲያው አትፍቱ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ቀዝቃዛ እንጨት ሞቅ ያለ አየር ሲያገኝ ላብ ይይዘዋል፤ ጤዛው እንጨቱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቅር።

ጥንቃቄ፦ ለእህል ወይም ለተክል የተሠራ ፀረ ተባይ በርጩማ ላይ አትርጩ። ሰው በሰውነቱ የሚነካው፣ ሕፃን አፉን የሚያስጠጋበት ዕቃ ነው። ላምባ መቀባትም ይቅር፤ በተለይ ከሰል አጠገብ ለሚቀመጥ የቡና ዱካ።

ደረጃ 7፦ የዘመኑን እንዲህ ፈትሹ

የዘመኑ በርጩማ ምርመራው አጠር ይላል።

ብረት ከሆነ ብየዳውን እዩ። መጋጠሚያው ዙሪያውን ተበይዶ መሆን አለበት። ሁለት ቦታ ብቻ ነጠብ ነጠብ የተደረገ ብየዳ ሰው ሲወዛወዝበት ይለቃል። የእግሮቹ ጫፍ ጎማ ከሌለው ሴራሚኩን ይጭረዋል፤ ቱቦላሬው ጫፉ ክፍት ከሆነ ደግሞ የመጥረጊያ ውኃ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል።

ረጅም ከሆነ የእግር ማሳረፊያ የግድ ነው። እግር ሲንጠለጠል የመቀመጫው ጠርዝ ጭንን ከስር ይጫናል፤ እግር ይደነዝዛል። ማሳረፊያው ላይ በአንድ እግር ቆም በሉበት። ሁሉም ሰው ሲወጣ የሚረግጠው እሱን ነው።

በጋዝ ከፍ ዝቅ የሚለውን ከፍ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡበት። በራሱ እየወረደ ከመጣ ጋዙ አይይዝም። የታችኛው ክብ መሠረት ከመቀመጫው መስፋት አለበት፤ ካልሆነ ጎንበስ ሲሉ አብሮ ይወድቃል።

ጥንቃቄ፦ የተበላሸውን የጋዝ ቱቦ አትክፈቱ፣ አትብሱ፣ አታስበይዱ። ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ሙሉውን ቱቦ ቀይሩ።

የፕላስቲክ ዱካ ከሆነ እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ቦታ ነጭ መስመር ፈልጉ። ነጩ መስመር የመሰበር መጀመሪያ ነው።

ደረጃ 8፦ ተቀመጡበት፣ ተወዛወዙበት

ቆማችሁ አትግዙ። ተቀመጡ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ በጎን ዕቃ እንደምታነሱ ሆኑ።

ባለ አራት እግር ወለሉ ትንሽ ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል። ባለሦስት እግር አይንገዳገድም፤ ሦስት ነጥብ ምን ጊዜም አንድ ላይ መሬት ይነካል። ስለዚህ ባለሦስት እግር በርጩማ ቀጭ ቋ ካለባችሁ ጥፋቱ የወለሉ አይደለም፤ እግሩ የተሰካ ከሆነ ከመጋጠሚያው ላልቷል። በምትኩ ባለሦስት እግር በሁለት እግሮች መሃል ባለው ክፍት በኩል ክብደት ሲበዛበት ይገለበጣል። የእግሮቹ ጫፍ ቢያንስ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ድረስ የወጣውን ምረጡ።

ጥንቃቄ፦ አምፖል ለመቀየር ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ አትቁሙ። መጋረጃ ለመስቀልም እንደዚሁ።

ደረጃ 9፦ ድሮውን ከዘመኑ ስታቀላቅሉ አንድ ነገር አመሳስሉ

ሳሎን ውስጥ የጅማ በርጩማና ብረት እግር ያለው አዲስ በርጩማ አብረው መቀመጥ ይችላሉ። ወይ ቁመታቸው ይመሳሰል፣ ወይ የእንጨቱ ቀለም። ሁለቱም ከተለያየ ዕቃው የተረሳ ይመስላል። ቁመት ቢመሳሰል ይሻላል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

ደረጃ 10፦ ቤት ካስገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከመስኮት ፀሐይ፣ ከኤሲና ከሂተር አርቁት። ጅማ አየሩ እርጥብ ነው። እዚያ የተጠረበ በርጩማ በኅዳር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወይም ዱባይ ኤሲ ስር ሲቀመጥ፣ ወይም ሚኒሶታ በብርዱ ወራት ሂተር ሲነፍስበት ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ከደረቀ ግን ሊተርፍ ይችላል።

ስታጸዱት እርጥብ ሳይሆን ረጠብ ያለ ጨርቅ ይበቃል። ጠፍር ያለበትን ውኃ አታስነኩት። ጠፍር ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር እግሮቹን ይስባል።

የደረቀውን እንጨት በተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በዝቶ ከተቀባ አይደርቅም፤ የእንግዳ ቀሚስ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ጥንቃቄ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አስወግዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። «አጸዳሁት» ይላሉ። ያ ወዝ ከተፈገፈገ የሚመልሰው የዓመታት መቀመጥ ብቻ ነው። ቫርኒሽም ያው ነው፤ ቫርኒሹን ለማንሳት ስትሞክሩ ወዙ አብሮ ይነሳል።

የሚንገዳገደውን ባለ አራት እግር በመጋዝ ማሳጠር። አንዱን ትቆርጣላችሁ፣ ሌላው ይረዝማል፣ እሱንም ትቆርጣላችሁ፤ በመጨረሻ ለድመት ይሆናል። ደልዳላ ሴራሚክ ላይ አቁሙት፤ የትኛው እግር አየር ላይ እንደቀረ እዩና ከስሩ ቁራጭ ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ለጥፉበት።

ስድስት በአንድ ጊዜ መግዛት። አንድ ግዙ፣ ሳምንት ተቀመጡበት፣ ከዚያ የቀረውን።

የድሮ በርጩማ ይዞ ዝም ብሎ ኤርፖርት መሄድ። ጥንታዊ ዕቃ ከኢትዮጵያ ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አዲስ ሆኖ የድሮ የሚመስል በርጩማም ፍተሻ ላይ ሊያስቆማችሁ ስለሚችል የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። በደረሳችሁበት አገርም እንጨትና ቆዳ መያዛችሁን ለጉምሩክ አሳውቁ። ነቀዝ የረገፈበትን በርጩማ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ፤ ጥቁሩን ወረቀት ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተጠቀሙበት።